ወንበሩን ከሰጧችሁ መዝገቡንም ጠይቁ

ውድ ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሐዋሳ ውስጥ የሚያገኙኝ ወጣት ሴቶች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሱልኛል። «እትዬ፣ የአመራር ሥልጠና የሚሰጥ ድርጅት ያውቃሉ?» ይሉኛል። ብዙዎቹ ሥልጠና ያልወሰዱ እንዳይመስላችሁ። ወስደዋል። ሰርተፍኬቱ ፕላስቲክ ለብሶ ቤታቸው ተሰቅሏል። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ግን ዛሬም የሚቀመጡት ከኋላ ነው። እጃቸውን ቢያወጡም ሰብሳቢው አያያቸውም።

እኔ በሥራ ዘመኔ ብዙ እንዲህ ዓይነት ሥልጠና አዘጋጅቻለሁ፣ ሰጥቻለሁም። ስለዚህ ሥልጠናን ለማጣጣል አልጽፍም። ግን ማንም በግልጽ የማይነግራችሁ ነገር ስላለ ልንገራችሁ። በተለይ የምጽፈው ከሸክላ ሠሪ፣ ከቆዳ አልፊ፣ ከብረት ቀጥቃጭ ቤተሰብ ለተወለዳችሁት ነው። ከሌላ አካባቢ መጥታችሁ በምትኖሩበት ከተማ ቁጥራችሁ ጥቂት ለሆነባችሁም ነው።

ሁለቱ አንድ አይደሉም። እኔ የከምባታ ልጅ ነኝ። ሐዋሳ የደቡብ ክልል መቀመጫ በነበረችበት ጊዜ ቢሯችን ውስጥ የሁሉም ብሔረሰብ ሰው ነበር። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም የሲዳማ ሕዝብ ድምፁን ሰጥቶ ለዘመናት የጠየቀውን ክልል ሲያገኝ፣ እኛ ከብዙዎቹ አንዱ የነበርነው እዚሁ ከተማ ውስጥ ጥቂቶች ሆንን። ይሄ እንግዲህ እንደ ቦታውና እንደ ጊዜው የሚለዋወጥ አናሳነት ነው። ከምባታ፣ ዱራሜ ብሄድ እኔ ብዙኃኑ ነኝ። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ግን የምትሄድበት «ብዙኃን የሆነችበት» አገር የላትም። ቋንቋው ያው የጎረቤቷ ቋንቋ ነው። ሃይማኖቱም ያው ነው። የተገለለችው በገዛ ሕዝቧ መሀል ነው። እናቷ የሠራችውን ጀበናና ምጣድ ሰው ሁሉ ይገዛል፤ እናቷ ቤት ገብቶ ቡና መጠጣት ግን ለብዙ ዘመን ነውር ነበር። ጋብቻማ አይነሳ። ዛሬ ከተማው ውስጥ ብዙ ተለውጧል። ገጠሩ ውስጥ አልቋል የሚላችሁ ካለ ግን በሠርግ ሰሞን ጠብቁትና ጠይቁት።

ሕጉ ለእናንተ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች ካለፈው የበታችነት ታሪክ የተነሳ ተጨማሪ ድጋፍ እንዲያገኙ ያዛል። አንቀጽ 54 ደግሞ ከ550 ከማይበልጠው የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ውስጥ አናሳ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ከ20 የማያንስ እንዲኖራቸው ይላል። ጥሩ ነው። ግን ልብ በሉ። በሲዳማ ያሉት ሸክላ ሠሪዎች፣ ሃዲቾዎች፣ ሲዳማ ናቸው። እንደ ተለየ ብሔረሰብ ስለማይቆጠሩ 20ው መቀመጫ እነሱ ዘንድ አይደርስም። የሴቶቹ ድጋፍ ደግሞ «ሴት» በሚለው ስም ሲመጣ ቀድሞ የሚደርሰው ከተማ ላለችው፣ ለተማረችው፣ ዘመድ ላላት ነው። ሸክላ ሠሪዋ በሁለቱ መሀል ትቀራለች። ጥቅምት 2011 ላይ የሚኒስትሮቹ ግማሽ ሴቶች ሲሆኑ እኔም እልል ብያለሁ። ከካቢኔ እስከ ቀበሌ ግን መንገዱ ሩቅ ነው።

እና ምን ይሆናል? አንድ ቀን ይጠሯችኋል። ፕሮጀክቱ «የተገለሉ የኅብረተሰብ ክፍሎች ተሳትፎ» የሚል መስፈርት አለው፤ አንቺ ደግሞ መስፈርቱን ታሟያለሽ። ኮሚቴ ውስጥ ያስገቡሻል። ፎቶ ትነሻለሽ። ከዚያ ስብሰባ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ይጠብቁብሻል፦ ስለራስሽ ሰዎች ችግር ለሦስት ደቂቃ መናገርና መጨረሻ ላይ መፈረም።

እዚህ ላይ ነው ምክሬ። ወንበሩን እምቢ አትበሉ፤ የሰጧችሁ ለይምሰል ቢሆንም ያዙት። ግን በዚያው ሰሞን መዝገቡን ጠይቁ። የገቢና የወጪ መዝገብ፣ መተዳደሪያ ደንቡ፣ ቃለ ጉባኤው። ሥልጣን ያለው እዚያ ነው። ጮክ ብሎ የሚናገረውን ሰው መሪ አድርጋችሁ አትዩት። አጀንዳውን የያዘውን፣ ቃለ ጉባኤውን የሚጽፈውን፣ የባንክ ፊርማው ያለውን እዩ። በየሥልጠናው «በራስ መተማመን» ስንል እንውላለን፤ እኔም ብያለሁ። በራስ መተማመን ግን ቁጥሩን ከማወቅ በኋላ ነው የሚመጣው። ባለፈው ሩብ ዓመት ስንት ብር እንደገባና በማን ፊርማ እንደወጣ የምታውቅ ሴት ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም፤ ቢንቀጠቀጥም ግድ የለም፣ ሰው ይሰማታል።

አንዲት ሸክላ ሠሪ አውቃለሁ። ስሟን አልጽፍም፤ አትወድም። ማንበብ አትችልም። ማኅበራቸው አፈር የሚቆፍርበት መሬት ነበረው። ሸክላ የትም አይሠራም፤ አፈሩ ልዩ ነው፣ እሱ ከሄደ ሙያው አብሮ ይሄዳል። ያ መሬት ለሌላ ሥራ ተፈለገና ስብሰባ ተጠራ። ብዙ ተወራ፣ ሴቶቹም ተናገሩ፣ አለቀሱም። መጨረሻ ላይ ወረቀት ዞረ። ተራው ሲደርሳት እሷ «ይነበብልኝ» አለች። «ያው ያልነው ነው» አሏት። «እንግዲያው ለማንበብ አያስቸግርም» አለቻቸው። ተማሪ ልጇን ይዛ ነበር፤ ልጅቷ ተነሥታ በአማርኛ አነበበችው፣ ከዚያ በሲዳምኛ አስረዳች። ወረቀቱ ላይ «አባላቱ በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» የሚል ነበር። ቤቱ ተደበላለቀ! መሬቱን በሙሉ አላተረፉም፤ ከፊሉን አተረፉ። ግን ከዚያ ወዲህ በዚያ ማኅበር ቃለ ጉባኤ ሳይነበብ አይፈረምም። ይህን ያመጣችው አንድም ቀን የአመራር ሥልጠና ያልወሰደች ሴት ናት። እኔ በብዙ ገጽ ፓወር ፖይንት ያላስተማርኩትን በሁለት ቃል አስተማረችኝ ብል ማጋነን አይደለም።

ማንበብ የምትችሉትማ ምን ሰበብ አላችሁ? ፀሐፊነትን ለምኑ። ወጣቶቻችሁ ፀሐፊነትን ትንቁታላችሁ፤ «ሴት ስለሆንኩ ነው ፀሐፊ ያደረጉኝ» ትላላችሁ። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን የተባለውን ከጻፍሽ የሚቀረው አንቺ የጻፍሽው ነው። ደንቡን አንብቢ። ምልዓተ ጉባኤው ስንት ነው? ሊቀ መንበሩ የሥራ ዘመኑ መቼ ያልቃል? ኦዲት በየስንት ጊዜ ነው? አንዳንዱ ሊቀ መንበር ጊዜው ካለፈ ዓመታት ሆኖታል፤ የሚጠይቀው ስለሌለ ብቻ ይቀመጣል። እዚህ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የምትሠሩትም እንዲሁ። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ 10 ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። የወሊድ ፈቃዱም በ2011 በወጣው አዋጅ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ነው። ይህን በቃሏ የምታውቅ አንዲት ልጅ በመስመሯ ላይ ላሉት ሁሉ ሱፐርቫይዘሩ ፊት ትቆማለች።

ሌላው ነገር፣ በራሳችሁ አጀንዳ ብቻ አትጀምሩ። ይሄ ለጆሮ ትንሽ ይከብዳል፤ ልግለጽ። ዶ/ር ቦጋለች ገብሬን የማታውቁ ካላችሁ እወቋቸው። የከምባታ ልጅ ናቸው። ውጭ አገር ተምረው ተመልሰው ከእህታቸው ጋር ኬኤምጂ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። የመጡት ስለ ሴት ልጅ ግርዛትና ስለ ኤችአይቪ ሊያነጋግሩ ነበር። ሕዝቡ ግን መጀመሪያ ድልድይ ጠየቃቸው። ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴ ገበያ የሚሻገርበት ድልድይ። እሳቸውም «የመጣሁት ለዚህ አይደለም» አላሉም፤ ድልድዩ እንዲሠራ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ነው ያ ሁሉ የማኅበረሰብ ውይይት የተጀመረው፤ ግርዛትም በከምባታ በእጅጉ የቀነሰው። በ2005 ዓ.ም የቤልጂየሙን የንጉሥ ቦዱዊን ሽልማት አገኙ፤ በ2012 አረፉ። ብዙ ሰው ስለ ሽልማቱ ያወራል፤ እኔን የሚገርመኝ ድልድዩ ነው።

እናም ኮሚቴ ውስጥ ስትገቡ ስለ ውኃ ቦኖው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ መብራቱ ተናገሩ። የጎረቤቱን ሁሉ ጥያቄ ያነሳችን ሴት «የእነዚያ ሰዎች ተወካይ» ብሎ ጥግ ማስያዝ ይከብዳል። ይህ የራስን መተው አይደለም። የራሳችሁን ጉዳይ ስታነሱ የሚደግፋችሁ ሰው እንዲኖር ነው።

ሴት መሆን ብቻውን አንድ ያደርገናል ብላችሁም አትመኑ። ሲዳማ ውስጥ ያካ የሚባል የቆየ የሴቶች ማኅበር አለ፤ መሪዋ ቃሪቴ ትባላለች። ባል በሚስቱ ላይ ግፍ ከፈጸመ ሴቶቹ ሲቆ ዱላቸውን ይዘው ደጁ ድረስ ይሄዱ ነበር። ከዚህ በላይ ምን የአመራር ትምህርት አለ? መሪነትን ከውጭ የመጣ ዕቃ ለሚያስመስሉ አሠልጣኞች ይህን እነግራቸዋለሁ። ግን ደግሞ በሥራ ዘመኔ፣ ስለ ሴቶች እኩልነት ሙሉ ቀን የተወያዩ ሴቶች ቡና ሲቀርብ ከአንዲቷ ሸክላ ሠሪ ራቅ ብለው ሲቀመጡ አይቻለሁ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። ወንበር ብቻ ተሳበ። እንዲህ ዓይነቱን ስታዩ እዚያው ተነሡና አጠገቧ ተቀመጡ፤ ለውይይት ነጥብ አታቆዩት።

ብቻችሁንም አትሁኑ። አንድ ወንበር ካገኛችሁ ሁለተኛውን ጠይቁ። ብቸኛዋ ሴት ስትታመም ጉዳዩ ሁሉ ይታመማል፣ ስታገባና አገር ስትለውጥ ደግሞ ከነጭራሹ ይጠፋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት ለዚህ የተፈጠረ ይመስለኛል። አንዳንዷ ግን ብቸኛ መሆኑን ትወደዋለች። ሁሉም ጋ የምትጠራው እሷ ናት፣ አበሉም የእሷ ነው። ይህን ያየሁት ጥቂት ጊዜ ስላልሆነ ነው የምናገረው።

ትንሽ ታሪክም ልጨምር፤ ዛሬ የሚጠሯችሁ ድርጅቶች ሁሌም እንዲህ መናገር የሚችሉ እንዳይመስላችሁ። በ2001 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ሥራ ላይ እንዳይሰማራ ከለከለ። የኛ አገር ድርጅቶች ደግሞ ገንዘባቸው ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። በአንድ ጊዜ «መብት» የሚለው ቃል ከሥልጠና ሰነዶች ጠፋ። ሁሉም ዶሮ እርባታና ቁጠባ ሆነ። ቁጠባውን አልጠላም፤ መዝገብ ያስተማራቸው ሴቶች አሉ። ግን ለምን እንደሚቆጥቡ እንጂ ለምን እንደተገፉ የማይወራባቸው ዓመታት ነበሩ። አዋጁ በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተካ። የተከፈተ በር ይዘጋል፤ ክፍት እያለ ተጠቀሙበት።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። ሥልጠና ሲመጣ ሂዱ። ዋናው ትርፉ እዚያ የምታገኟቸው ሴቶች ናቸው፤ ስልክ ተለዋወጡ፣ ቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ፣ ከዚያ ግን ግሩፑን መልካም ጠዋት ብቻ መላላኪያ አታድርጉት። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ አዘጋጁን ጠይቁ። በየትኛው ቋንቋ ነው? በሲዳምኛ የምታስብን ሴት በአማርኛ ስላይድ አሠልጥኖ «ተሳትፎዋ ዝቅተኛ ነው» ብሎ ሪፖርት መጻፍ ያሳፍራል። ጡት የሚጠባ ልጅ ይዞ መምጣት ይቻላል? ሲመሽ መጓጓዣ አለ? ታቦር ተራራ ሥር ለሚኖር ባጃጅ አይጠፋም፤ ከገጠር ቀበሌ ለምትመጣው ግን የማታው ጉዞ ራሱ ቀሪ ያደርጋታል። ባሏም ሁለተኛ አይፈቅድም። ደግሞም፣ ሥልጠናው ሲያልቅ ሠልጣኞቹ የትኛው ኮሚቴ፣ የትኛው ማኅበር ውስጥ ይገባሉ? መልስ ከሌለው እናንተው ሐሳብ አቅርቡለት።

አበሉን በተመለከተ አትፈሩ። «ለአበል ነው የመጡት» እያሉ የሚያሽሟጥጡ የቢሮ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ደመወዛቸው ይቆጠርላቸዋል። ሸክላዋን ተሸክማ ገበያ መውጣት ስትችል አዳራሽ የዋለች ሴት የዚያን ሳምንት ሽያጭ አጥታለች። አበሉ ያንን የማይሸፍን ከሆነ፣ ወይም ሥልጠናውን በገበያ ቀን ላይ ካደረጉት፣ ቀኑን እንዲለውጡ በጽሑፍ ጠይቁና ደብዳቤውን ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ።