መልስ፦ ድሮ ጋራዥ በነበረ ግቢ ሰላጣ መትከል (ኮምቦልቻ)

ድሮ ጋራዥ በነበረው ግቢሽ ሰላጣ ተክለሽ አጥበሽ ብትበዪ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀሽኛል። አይ፣ አጥቦ መብላት ብቻውን አይበቃም። ማጠብ ቅጠሉ ላይ ያረፈውን አቧራ ያነሳል እንጂ በሥር የገባውን አያወጣም። ግቢሽ ጋራዥ ከነበረ ዋናው ስጋት ከአሮጌ ባትሪ የሚወጣው እርሳስ (ሌድ) የተባለው መርዛማ ብረት ነው። እርሳስ ደግሞ አይበሰብስም፤ ዓመታት ቢያልፉም አፈሩ ውስጥ ይቆያል።

እንዲህ አድርጊ፦

1. ሰላጣ፣ ጎመንና ካሮት በቀጥታ መሬቱ ላይ አትትከይ። ቅጠልና ሥር ከፍሬ የበለጠ እርሳስ ይይዛሉ። ቲማቲምና ቃሪያ ይሻላሉ።

2. ሰላጣው የግድ ከሆነ ወደ 30 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ መደብ ሥሪ። ከታች ጆንያ አንጥፊና ንጹህ አፈር ከኮምፖስት ጋር ሙይበት። አፈሩንም ውሃውንም ከቦርከና ወይም ከለዮሌ ዳር አታምጪ፤ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባባቸው ወንዞች ናቸው።

ትንንሽ ልጆች ካሉሽ ግን ከሰላጣው በላይ እኔን የሚያሳስበኝ አፈሩ ራሱ ነው። እየተጫወቱ እጃቸውን ወደ አፋቸው ይወስዳሉ። ባዶውን መሬት ሣር አልብሺው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። የምርመራ ወረቀት ይዘው «አፈሬ ጥሩ ነው ተባልኩ» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው። የተለመደው የለምነት ምርመራ እርሳስን አያሳይም፤ ናሙናውን ስትሰጪ እርሳስ እንዲለኩልሽ ለይተሽ ጠይቂ።