ጎረቤቴን በእርምጃ መቼም አልደርስባትም፤ ውድድሩን እንተወው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። የአንድ ብሎክ ልጆች አምስት ሆነን የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተናል፤ ማታ ማታ ስልካችን የቆጠረውን እርምጃ እንለጥፋለን። መጀመሪያ ላይ ደስ ሲል! አሁን ግን አንዷ የሽያጭ ሰራተኛ ስለሆነች ሱቅ ለሱቅ ስትዞር ውላ 15,000 ታስገባለች፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ስለምውል 4,000 ከሞላሁ ትልቅ ነገር ነው። ሁለቱ መለጠፍ አቁመዋል። እኔንም እየሰለቸኝ ነው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትተዉት! ችግሩ ያለው አቆጣጠሩ ላይ ነው። እየዞረች የምትውልን ሴት ቁጭ ብላ ከምትውል ሴት ጋር በጥሬ ቁጥር ማወዳደር ከመነሻው ፍርደ ገምድል ነው። ፉክክር ሰው የሚያነቃው የመጨረሻዋም ሴት “በዚህ ሳምንት እኔ ልሆን እችላለሁ” ማለት ስትችል ነው። ያ ተስፋ ካለቀ ማን ይለጥፋል?

እንዲህ አድርጉ። አንድ ሳምንት ያለ ፉክክር እንደወትሯችሁ ዋሉና የቀን አማካያችሁን ያዙ። ከዚያ በኋላ የምታዩት ማን ከራሷ አማካይ ስንት በመቶ እንደጨመረች ብቻ ይሁን። አንቺ ከ4,000 ወደ 5,000 ብትወጪ 25 በመቶ ጨመርሽ ማለት ነው፤ እሷ ከ15,000 ወደ 16,000 ብትወጣ 7 በመቶ ገደማ ነው። የሳምንቱ አንደኛ አንቺ ነሽ! መነሻውን ግን በየወሩ አድሱት፤ አለዚያ አንዷ መጀመሪያ ላይ ስለተኛች ብቻ ሁልጊዜ ስታሸንፍ ትኖራለች። በየማታው መለጠፉንም ተዉት፣ እሁድ እሁድ ይበቃል። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ውለሽ ማታ ቁጥርሽን ማየት ሞራል ይገድላል።

በ4,000ም አትፈሪ። ያ ሁሉም ሰው የሚጠራው በቀን 10,000 እርምጃ የመጣው ከጃፓን ነው፤ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶን ካሸነፈበት ከ1964 እ.ኤ.አ. በኋላ፣ በዓመቱ፣ “የ10,000 እርምጃ መለኪያ” የሚል ስም ያለው የእርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ ቀርቦ ነበር። ሐኪም ያዘዘው ቁጥር አልነበረም። በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ላይ የተሰራ ጥናት በቀን 4,400 አካባቢ የሚራመዱት 2,700 አካባቢ ከሚራመዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው ዝቅ ብሎ አግኝቷል፤ ጥቅሙም 7,500 አካባቢ ሲደርስ መጨመሩን አቁሟል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እርምጃ አይቆጥርም፣ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው የሚለው። ይሄ በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መሄድ ነው።

ከሥራ ስትመለሺ ታክሲውን አንድ ፌርማታ ቀድመሽ “ወራጅ አለ” በይ። ቤት ውስጥም ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክተሽ ስትንጎዳጎጂ ያ ሁሉ እርምጃ አይቆጠርልሽም፤ ኪስሽ ውስጥ ይሁን። ጎህ ሳይቀድ ግን ብቻሽን እንዳትወጪ። የከተማው ዳር ሰፈር ውሻም ጅብም አለበት፣ ሁለት ሆናችሁ፣ ሲነጋ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭቃው መንገዱን ከዘጋባችሁ የብሎካችሁን ደረጃ ውጡ ውረዱ፤ እንዲያውም ዳገትና ደረጃ ትንፋሽ ይፈትናል፣ ስልኩ ግን ከሜዳው እርምጃ እኩል ነው የሚቆጥረው። ደረት የሚወጋት ወይም ጉልበቷ የሚያማት ካለች መጀመሪያ ሐኪም ታማክር።

ብር አታስይዙ፤ ብር ከገባ ስልክ ለልጅ ሰጥቶ ማስሮጥ ይመጣል፣ ከዚያ ኩርፊያ። ሽልማቱ የእሁድ ቡና ይሁን፦ ያሸነፈችው ቁጭ ትላለች፣ ሌሎቻችሁ ታፈላላችሁ።

የጠፉትን ሁለቱን ደግሞ ግሩፑ ላይ “የት ጠፋችሁ?” አትበያቸው፣ ያሸማቅቃል። ለየብቻቸው ደውይና “ነገ ከሥራ ስንመለስ ታክሲውን ቀድመን ወርደን አብረን በእግር እንግባ?” በያቸው። አዲሱን አቆጣጠር መንገድ ላይ ትነግሪያቸዋለሽ።