ያ በሳጥን የሞላነው ካርታ የት ገባ? ስለ ዊኪማፒያ ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን የጅማ ልጆች ስለ ዊኪማፒያ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ዛሬ ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ፣ ኢንተርኔት ቤት በደቂቃ እየተቆጠረብኝ፣ ጅማን በሳጥን ስሞላ ከነበሩት አንዱ ነኝ። በሉ ጠይቁ።

ስሙን ገና አሁን መስማቴ ነው። ምንድን ነው?

ታድለሃል፣ ስንት እንቅልፍ ተርፎልሃል! እ.ኤ.አ. በግንቦት 2006 አሌክሳንደር ኮርያኪን እና ዬቭጌኒ ሳቬልዬቭ የሚባሉ ሁለት ሩሲያውያን የከፈቱት ድረ ገጽ ነው። ከሥር የጉግል የሳተላይት ምስል ይነጠፋል፤ አንተ ከላይ የምታውቀውን ቦታ በሳጥን ከብበህ ስሙንና ታሪኩን ትጽፋለህ። መጀመሪያ ላይ መመዝገብ እንኳ አያስፈልግም ነበር። በኋላ ሳጥኑ ቀርቶ አጥሩን ተከትሎ መሳል ተቻለ።

ለምን ያን ያህል ወደዳችሁት?

እኛ አገር ሰው ቤቱን በመንገድ ስም አይናገርማ። «ከመስጊዱ ጀርባ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፈህ» ነው የሚልህ። ሌሎቹ ካርታዎች መንገድ ይፈልጋሉ፤ ዊኪማፒያ ግን ወፍጮ ቤቱን ራሱን ተቀበለን። ፈረንጅ አራዳን፣ አጂፕንና ቆጪን የመሳሰሉ ሰፈሮቻችንን፣ በጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ኳስ የምንጫወትበትን ሜዳ ሁሉ አስገባን። ምስሉ ቁርጥራጭ እየሆነ ቀስ እያለ ሲመጣ፣ የቤታችን ቆርቆሮ የወጣበትን ቀን አልረሳውም፤ ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የየራሱን ቤት ፈለገ።

ውሸት አልነበረበትም?

ሞልቶ! አንዱ የሚወዳትን ልጅ ቤት ከብቦ «የወደፊት አማቾቼ» ብሎ ጽፎ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር በለኝ ወንድሜ። ከዚያ የባሰው ግን የከተማችን ስም በላቲን ፊደል በአንድ ኤም ነው በሁለት የሚለው ጭቅጭቅ ነበር። አንዱ ያርማል፣ ሌላው ይመልሳል። የኦሮምኛውን አጻጻፍ ለሚከተል ሁለት ኤም ነው፤ እኔ አሁንም በዚህ እጸናለሁ።

ታዲያ ምን ገደለው? ጉግል ነው?

ጉግል ብቻ አይደለም። ነገሩ ሁሉ የተሠራው ለማውዝ ነበር፤ ሰው ወደ ስልክ ሲዞር ያን አጥር በጣት መሳል ሥቃይ ሆነ። ይህ ግን ቀስ በቀስ ነው ያዳከመው። ዱላው ያረፈው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከዚያ በፊት አንድ ድረ ገጽ የጉግልን ካርታ በቀን 25,000 ጊዜ ያህል በነጻ መክፈት ይችል ነበር። ከሐምሌ 2018 ጀምሮ ነጻው በወር የ200 ዶላር መጠን ብቻ ሆነ፤ ይህም ያኔ ወደ 28,000 ጊዜ ነበር። የቀን ድርሻ የወር ድርሻ ሆነ ማለት ነው! ካለፈ ለእያንዳንዱ 1,000 ጊዜ 7 ዶላር ይቆጠር ነበር። ዓለም ሁሉ የሚከፍተውና በማስታወቂያ ሳንቲም የሚኖር ድረ ገጽ ይህን ከየት ያመጣል? ቤቱን ስንሠራ መሬቱ የሰው መሆኑን ማናችንም አላሰብነውም፤ ኪራይ ሲመጣ ግን ባለቤቶቹ አልቻሉም።

ጉግል ራሱ ሰው የሚሞላው ካርታ አልነበረውም?

ነበረው፣ ማፕ ሜከር ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፍቶ በ2017 ተዘጋ። በመካከሉ በ2015 አንድ ቀልደኛ ፓኪስታን ካርታ ላይ የአንድሮይድ ሮቦት የአፕልን ምልክት ሲሸናበት ሥሎ፣ ለወራት አስዘግቶታል።

የጻፍነው ሁሉ ለምን ወደ ኦፕንስትሪትማፕ አይገለበጥም?

ይህን የጠየቁት ጋሼ የልቤን ነው የነኩት። ኦፕንስትሪትማፕ እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ የተጀመረ፣ መረጃውን ማንም ወስዶ እንዲሠራበት የሚፈቅድ ካርታ ነው። ስለዚህ ከሌላ ካርታ ላይ የተቀዳ ነገር አይነካም። የእኛ አጥሮች በሙሉ የተሣሉት የጉግልን ምስል ተከትለው ስለሆነ፣ ድካሙ የእኛ ቢሆንም መስመሩን አይቀበሉትም። ማይክሮሶፍት ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ቢንግ የተባለውን የራሱን ካርታ የሳተላይት ምስል ተከትለው እንዲሥሉበት ፈቅዶላቸዋል። እርስዎ በእግርዎ የሚያውቁት የሰፈር ስም ደግሞ የማንም አይደለም። ከአሮጌው ድረ ገጽ ሳይገለብጡ፣ ከራስዎ ትዝታ እንደገና መጻፍ ይችላሉ። አድካሚ ነው፣ አልዋሽዎትም።

የእናቴን ሱቅ ጉግል ካርታ ላይ አስገብቻለሁ። አይበቃም?

ደንበኛ እንዲመጣላት ከሆነ ይበቃል።

ባጃጅ ነው የምነዳው፣ ዳታ ይጨርስብኛል።

ኦርጋኒክ ማፕስ ወይም ኦስማንድ የሚባለውን የስልክ መተግበሪያ አውርድ። የኦፕንስትሪትማፕን መረጃ ነው የሚጠቀሙት፤ ዋይፋይ ባለበት አንዴ ካወረድክ ያለ ዳታ ይሠራሉ። ኮብልስቶኑ መንገድ ካልገባ ግን አትስደበኝ፣ አንተው አስገባው።

ሰፈራችን ፈርሷል። ወፍጮ ቤቱንም የድሮውን ስምም ማስገባት ይቻላል?

ለድሮ ስም የራሱ መጻፊያ አለው፣ ሰፈሩ ላይ ጨምሪበት። ወፍጮ ቤቱ ግን አይሆንም፤ ኦፕንስትሪትማፕ መሬት ላይ የቆመውን ብቻ ነው የሚቀበለው። ዊኪማፒያ ላይ የፈረሰም ቤት ተጽፎ ይቆይ ነበር። ድረ ገጹ ከተከፈተልሽ ቶሎ ብለሽ ስክሪንሾት አንሺው፤ ለእኔም ላኪልኝ።