«ሰፍፎ ነበር» ወይስ «ይጸልል ነበር»?

ጥያቄ፦ ዘፍጥረት 1፥2 «የእግዚአብሔርም መንፈስ በውኃ ላይ ሰፍፎ ነበር» ይላል። ሰፈፈ ስንል እኛ የምናውቀው ቅባት ወይም ቅጠል ውኃ ላይ ሲንሳፈፍ ነው። አንድ ሰባኪ ደግሞ «ዕብራይስጡ ዶሮ ዕንቁላሏን እንደምትታቀፍ ነው የሚለው» ሲሉ ሰማሁ። የትኛውን እንያዝ?

መልስ፦ የእርስዎ ጥርጣሬ ልክ ነው፤ ሰባኪው ግን ተሳስተዋል።

ዕብራይስጡ «መራሔፌት» ይላል። ግሱ፣ ረሐፈ፣ በመላው የዕብራይስጥ መጽሐፍ ከሦስት ጊዜ በላይ አይገኝም። በኤርምያስ 23፥9 የነቢዩ አጥንቶች ይንቀጠቀጣሉ፤ በዘዳግም 32፥11 ንስር ከጫጩቶቹ በላይ ክንፉን እያርገበገበ ያንዣብባል፤ ሦስተኛው የእርስዎ ጥቅስ ነው። ኤርምያስና ዘዳግም ላይ የሚታየው መንቀሳቀስ እንጂ መታቀፍ አይደለም። ንስሩም እኮ እዚያው ቁጥር ላይ ጎጆውን የሚያነቃንቅ ነው፤ ሊያስነሣቸው የመጣ ተመልሶ አይታቀፋቸውም።

የ«ታቅፎ» ወገኖች ከየት እንዳመጡት አይጠፋኝም። በ4ኛው መቶ ዓመት ባስልዮስ ዘቂሳርያ ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ሲሰብክ ከአንድ ሶርያዊ ሊቅ ሰማሁ ብሎ የጠቀሰው ነው። ሱርስት፣ ማለትም የሶርያ ክርስቲያኖች ጥንታዊ ቋንቋ፣ ለቃሉ ያን ትርጉም መስጠቱን አልክድም። ነገር ግን ሱርስት በዕብራይስጥ ላይ ዳኛ የሆነው መቼ ነው? ምስክር ካስፈለገ ከሱርስቱ በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድም አለ፤ ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሶርያ ጠረፍ ራስ ሻምራ ላይ የተገኙት የጥንታዊቷ ከተማ የኡጋሪት ጽላቶች። ጽላቶቹ በያዙት የአቅሃት ታሪክ ወጣቱ አቅሃት ማዕድ ላይ ሳለ ንስሮች ከራሱ በላይ በዚሁ ግስ ያንዣብባሉ፤ ገዳዩም ከመካከላቸው ነው። ታዲያ እዚያ የሚታቀፍ ዕንቁላል የት አለ? (ኡጋሪት ግሱን የምትጽፈው በኀ ነው። ዕብራይስጥ ሐንና ኀን በአንድ ፊደል ስለሚጽፍ ልዩነቱ ተውጦበታል። ግሱ በግዕዝ ቢኖር ኖሮ በብዙኃኑ ኀ እንጂ በሐመሩ ሐ ባልተጻፈ ነበር። «ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ» ለሚሉት ይህችን ጣል አድርጌ ልለፍ።)

ወደ አማርኛው ስንመጣ፣ የ1954 ዓ.ም. ትርጉም «ሰፍፎ» ያለው ላዩ ላይ መሆኑን ለመግለጽ ነው። ዛሬ ግን ሰፈፈ ሲባል ጠጅ ሲጣል ከላይ የሚወጣው ሰፈፍ ነው ትዝ የሚለን። ለእኔ የባሰው ሰዋስዉ ነው፦ ቦዝ አንቀጽ (እንደ «ሰፍፎ» ያለው) ከ«ነበር» ጋር ሲገባ ድርጊቱ አልቆ ሁኔታ ብቻ ይቀራል፤ ዕብራይስጡ ግን ያላቋረጠ ድርጊት ነው።

ግዕዙን ይመልከቱ፦ «ወመንፈሰ እግዚአብሔር ይጼልል መልዕልተ ማይ»። ይጼልል እንደ ይቄድስ ነው፤ ከቀደሰ ቤት (እንደ ቀደሰ ከሚረቡት ግሶች ወገን) የወጣ፣ መጋረድን፣ ጥላ መሆንን የሚናገር። ጥላም መጠለያም ዘመዶቹ ናቸው። ሉቃስ 1፥35 ላይ መልአኩ ለእመቤታችን «ወኃይለ ልዑል ይጼልለኪ» የሚላት በዚሁ ግስ ነው፤ አማርኛውም «ይጸልልሻል» ብሎ ጠብቆታል። የፍጥረቱና የብሥራቱ መንፈስ በአንድ ግስ ሲመጡ እያየሁ ሌላ ቃል መፈለግ አይሆንልኝም። «ጥላ ክንፍ የለውም፣ ዕብራይስጡም ጥላ አላለም» የሚለኝ ሰው መልስ ያሳጣኛል፤ ምርጫዬን ግን አያስለውጠኝም።

ለዕብራይስጡ የሚቀርበው በርግጥ «ያንዣብብ ነበር» ነው። ምን ያደርጋል፣ ዜና አንባቢው ሁሉ «የጦርነት ደመና አንዣቧል»፣ «አደጋ አንዣቧል» እያለ ቃሉን የመርዶ አደረገው። አሁን መንፈሱ አንዣበበ ብንል ሰው ይደነግጣል።

«ይረብብ ነበር» የሚለው አዲስ ትርጉም አለ። ረበበ ለጆሮዬ ዝምታና ጭጋግ ነው፤ ክንፍ አይሰማኝም። ሆኖም ወጣቶቹ ያለምንም ጥያቄ ያነቡታል፣ መዝሙርም ውስጥ ገብቷል፤ ከ«ሰፍፎ»ም ይሻላል። ለሰንበት ትምህርት የሚያስተምሩ ከሆነ እሱን ይያዙ። ለራስዎ ሲያነቡ ግን ይጼልልን አይተዉት።