«ሥራ አለህ?» ቀላል ጥያቄ አይደለም

ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ስልኩን ፊቴ ላይ ደቅኖ «ጋሼ፣ ይሄን ውሸት ይዩልኝ» አለኝ። የኢትዮጵያ ሥራ አጥነት 8 በመቶ ነው የሚል ጽሑፍ ነው። «ከእኔ ጋር ከተመረቁት ግማሾቹ እቤት ተጎልተው 8 በመቶ ከየት መጣ?»

እሱ ራሱ ከተመረቀ ሁለት ዓመት አልፎታል። አካውንቲንግ ነው ያጠናው። ብዙውን ቀን ጓደኛው ሞባይል ቤት ይውላል።

«ያለፈው ሳምንት ሠርተሃል?» አልኩት።

«ኧረ እኔ ሥራ የለኝም።»

«ሱቁ ውስጥ አልነበርክም?»

«እሱማ ለምሳ ነው። ሥራ ነው እንዴ?»

«እንግዲያው ሥራ አለህ።» በረካው እስኪደርስ አኩርፎኝ ቆየ።

የሥራ ዘመኔን ግማሽ ያሳለፍኩት መጠይቅ ይዤ በር በማንኳኳት ነው። ቀሪውን ደግሞ ሌሎች አንኳኩተው ያመጡትን በማረም። ስለዚህ ቁጥር ሲሰደብ ትንሽ ያመኛል። ልጁ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 1982 ጄኔቫ ላይ የተሰበሰቡ የየሀገሩ የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች አንድ ትርጉም አጸደቁ። ሥራ አጥ የሚባለው ሥራ የሌለው፣ ለመሥራት ዝግጁ የሆነና ሥራ የፈለገ ሰው ነው። ሦስቱም አንድ ላይ መሟላት አለባቸው። ሥራ አለው ለመባል ደግሞ በአብዛኛው ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ 1 ሰዓት መሥራት ይበቃል። ክፍያው በገንዘብ ባይሆን በዓይነት ቢሆንም ያስቆጥራል። የቤተሰብ ሱቅ ውስጥ ያለ ደመወዝ የሚያግዝ ልጅም ሥራ አለው።

1 ሰዓት ሲባል ሁሉም ይስቃል። እኔም በመጀመሪያው ሥልጠና ላይ ስቄ ነበር። ነገር ግን የሰዓቱ ጥያቄ ሰውየው ጠግቦ ያድራል ወይ ለማለት የተሠራ አይደለም። ሀገር ውስጥ የተሠራ ሥራ፣ ትንሹም ቢሆን፣ ሳይቆጠር እንዳያልፍ ነው። ጥፋቱ ለዚህ የተሠራውን ቁጥር ኑሮን እንዲነግረን ስንጠይቀው ነው።

ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሰፈር ውስጥ አንዲት እናት «ሥራ አለዎት?» ብዬ ጠየቅሁ። «ምን ሥራ አለኝ ልጄ፣ የቤት እመቤት ነኝ» አሉኝ። ሥራ የላቸውም ብዬ ሞልቼ ወጣሁ። በማግስቱ ተቆጣጣሪዬ እዚያው ቤት መልሶ ወሰደኝ። «ባለፉት ሰባት ቀናት ለሽያጭ ያዘጋጁት ነገር ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው። «ጠላ ጠምቄ ሸጫለሁ እንጂ» አሉ። ከደጃፉ ላይ እንጨት ተተክሎ፣ ጫፉ ላይ ጣሳ ተደፍቶበታል። ሁለት ጊዜ በሥሩ አልፌ አላየሁትም። ተቆጣጣሪዬ ምንም አልተናገረም፤ ጣሳውን ብቻ በጣቱ አሳየኝ።

ከሦስቱ መስፈርቶች በጣም የሚያስቸግረው «ፈልጓል» የሚለው ነው። ሥራ መፈለግ ገንዘብ ይፈጃል። ማስታወቂያ ሰሌዳ ድረስ የታክሲ፣ የፎቶ ኮፒ፣ አንዳንዴም ለምዝገባ። ብሩ ያለቀበት ልጅ ፍለጋውን ያቆማል። በጥብቁ ትርጉም ከዚያ ወዲያ ሥራ አጥ አይደለም፤ ከሥራ ኃይሉ፣ ማለትም ከሚሠሩትና ሥራ አጥ ከሚባሉት ድምር፣ ውጪ ይመደባል። ተስፋ የቆረጠው ሰው ሲበዛ የሥራ አጥነቱ ምጣኔ ይቀንሳል ማለት ነው! ይህን ያዩት የእኛ ሀገር ጥናቶች ለረጅም ጊዜ ላላ ያለውን ትርጉም ተጠቅመዋል። ሥራ የሌለውና ቢያገኝ ለመሥራት ዝግጁ የሆነ ሰው፣ ፍለጋ ባይወጣም ሥራ አጥ ተብሎ ይቆጠራል። የእኛን ቁጥር ከሌላ ሀገር ጋር አሰልፋችሁ ከመከራከራችሁ በፊት ይህን እዩ።

አሜሪካኖቹ ስድስት መለኪያ አላቸው፣ ከዩ-1 እስከ ዩ-6። በዜና የምትሰሙት ዩ-3 ነው፤ ጥብቁን ትርጉም የሚከተለው ማለት ነው። ዩ-6 ተስፋ የቆረጡትንና ሙሉ ቀን መሥራት እየፈለጉ ጎዶሎ ሰዓት ያገኙትን ይጨምራል። በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2020፣ ኮሮና በበረታበት ወር፣ መጀመሪያ የወጣው ዩ-3 14.7 በመቶ ሲሆን ዩ-6 ደግሞ 22.8 ነበር። ወሩም ሕዝቡም ያው ነው። የተለየው ጥያቄው ነው።

አሁን ወደ ልጁ 8 በመቶ ልመለስ። ቁጥሩ በፈረንጆቹ የ2021ዱ የሥራ ኃይልና ፍልሰት ጥናት ነው። (በእኛ አቆጣጠር 2013 ማለት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ትልቁ ጥናት ደግሞ በፈረንጆቹ 2013 የተካሄደው ነው። ሁለቱን «የ2013ቱ ጥናት» እያሉ የሚያቀላቅሉ ብዙ አይቻለሁ። በዚያ በቀደመው ጥናት ሥራ አጥነቱ 4.5 በመቶ ነበር።) ልጁ ያላነበበው ቀጣዩን መስመር ነው። ከተማው ብቻውን ሲታይ 18.7 በመቶ ነው። አማካዩን ወደ ታች የጎተተው ገጠሩ ነው።

ገጠር ሥራ ስለተትረፈረፈ እንዳይመስላችሁ። ሦስት ወንድማማቾች ለአንድ አባወራ የማይበቃ መሬት ላይ ሲሠሩ ሦስቱም ሥራ አላቸው። ሥራ አጥ ሆኖ ለመቆጠር የሚያበላ ሰው ያስፈልጋል። እናቱ የምታበላው ምሩቅ ደህና ሥራ እስኪያገኝ ይጠብቃል። የሚያበላው የሌለው ሸክምም ቢሆን ይሠራል። ለዚህ ነው የተማረው ሥራ አጥ ሆኖ ጎልቶ የሚታየው፣ ድሃው ግን ከቁጥሩ የሚጠፋው።

በእኔ እምነት የእኛ ዋናው በሽታ ያለው እዚህ ነው። ሥራ አለው፣ ግን አይሞላም። ይህን ለመለካትም ተሞክሯል። በዚያው የባለሙያዎች ጉባኤ በፈረንጆቹ 1998 የጸደቀው መለኪያ ሰዓት ይቆጥራል። የሠራው ሰዓት ከተወሰነ መጠን በታች ሆኖ ተጨማሪ ለመሥራት የሚፈልግና ዝግጁ የሆነን ሰው ለይቶ ያወጣል። ሰዓት መቁጠር ቀላል ነው። በዲግሪው የማይሠራው ልጅስ? ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውለው፣ ገቢዋ ግን የቤት ኪራይ የማይሸፍነው ልጅስ? እሷ 60 ሰዓት ስለሠራች በሰዓቱ መለኪያ ምንም አልጎደለባትም። ችሎታና ገቢ ላይ የተስማማንበት መለኪያ እስካሁን ደካማ ነው። ከእናንተ መሀል ጥናት የምትሠሩ ካላችሁ እዚህ ላይ ብትቆፍሩ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምናችሁ። መጠይቅ የያዘች ልጅ በራችሁን ስታንኳኳ አፍራችሁ «የለኝም» አትበሏት። ምን እንደሠራችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ተጨማሪ ትፈልጉ እንደሆነ ንገሯት። «የለኝም» ብላችሁ ስትሸኟት ጎዶሎ ሥራችሁ ከመዝገብ ይጠፋል። ከዚያ ቁጥሩ ውሸት ነው ብላችሁ ብትጮኹ እኔም መልስ የለኝም።

ለእህቴም ልጅ ይህንኑ ነግሬ ባዶ ደብተር ሰጠሁት። ለአንድ ሳምንት የሠራኸውን በየቀኑ ጻፍ አልኩት። ትናንት አመጣልኝ። 31 ሰዓት ሆኗል። «ክፍያ» በሚለው ረድፍ ላይ በሰባቱም ቀን «ምሳ» ብሎ ጽፏል፤ ዓርብ ላይ ብቻ «ሽሮ» የሚል ጨምሮበታል።