ሁለቴ የወደቀው እንዴት አሸነፈ? ለመሐል ሜዳው ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ። ከመሐል ሜዳ ከተማ የጻፍከውን ጥያቄ አነበብኩት። ልጅህ ፊገር ስኬቲንግ፣ ማለትም ስለት ባለው ጫማ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚዘሉበትን ውድድር፣ በዲሽ ማየት ጀምራለች። ሁለቴ የወደቀው ልጅ አንደኛ ወጣ፣ አንዴም ሳይወድቅ የጨረሰው አራተኛ ሆነ። "አባዬ፣ ለምን?" ስትልህ መልስ አጣህ። ዳኞቹ ተገዝተው ይሆን ብለሃል። እሷስ እዚሁ ሆና መጀመር ትችላለች ወይ ብለህም ጠይቀሃል። ከሥር አስተያየት የሰጡት አብዛኞቹ "ፖለቲካ ነው" ብለው አልፈውታል። እኔ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ ይህን ስፖርት ለዓመታት ተከታትያለሁ፤ በጣም ነው የምወደው። በአንድ ቃል የሚዘጋ ነገር ስላልሆነ ትንሽ ላስረዝመው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ይህን ያዝልኝ። በዚህ ውድድር ማንም ሰው ሙሉ ነጥብ ይዞ ገብቶ በተሳሳተ ቁጥር እየተቀነሰበት አይሄድም። ከዜሮ ተነስቶ ያጠራቅማል። እያንዳንዱ ዝላይና እያንዳንዱ ሽክርክሪት ዋጋ አለው፤ ዋጋውም አስቀድሞ በሰንጠረዥ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ ጥያቄው "ማን ወደቀ?" ሳይሆን "ማን ምን ሠርቶ ምን ያህል አጠራቀመ?" ነው።

በቁጥር እንየው። ባለ አራት ዙር ቶ ሉፕ የሚባለው ዝላይ መነሻ ዋጋው 9.5 ነው። ያው ዝላይ በሦስት ዙር ሲሆን 4.2 ይሆናል። ሁለት ዙር ተኩል የሚዞረው ድርብ አክሰል ደግሞ 3.3 ነው። በትልልቅ ውድድሮች ዘጠኝ ዳኞች ይቀመጣሉ። ዝላዩ እንዴት እንደተሠራ አይተው እያንዳንዳቸው ከ5 ቅናሽ እስከ 5 ጭማሪ ይሰጣሉ። አንዱ እርከን የመነሻው ዋጋ 10 በመቶ ነው። የወደቀ ሰው የመጨረሻውን ቅናሽ ያገኛል፤ ማለትም ከዝላዩ ግማሹን ያጣል። 9.5 የነበረው 4.75 ሆነ ማለት ነው። በመውደቁ ደግሞ ከጠቅላላ ድምሩ 1 ነጥብ ይነሳበታል። 3.75 ቀረው። እንግዲህ አራት ዙር ዞሮ በቂጡ የተቀመጠው ልጅ፣ ድርብ አክሰል ዘልሎ ያለ ጭማሪ በእግሩ ካረፈው ይበልጣል።

ልጅህ ያላየችው ሌላም ነገር ይኖራል። ተወዳዳሪው ለአራት ዙር ይነሳና አየር ላይ ይፈራል፤ እጁን ይከፍትና አንዴ ብቻ ዞሮ ያርፋል። አልወደቀም። ተመልካቹም ያጨበጭብለታል። ነጠላ ቶ ሉፕ ግን 0.4 ነው! ለተመልካች ደህና ያለፈ የሚመስለው ይህ ከውድቀት የከፋ ኪሳራ ነው። "ሳይወድቅ አራተኛ ሆነ" ያልከው ልጅ እንዲህ ዓይነት አንድ ሁለት ዝላይ አምልጦት ይሆናል።

የዙር ጉድለትም አለ። ዙሩ ከሩብ በላይ ከጎደለ ዝላዩ የሚያገኘው ከመነሻው ዋጋ 80 በመቶ ነው። ግማሽና ከዚያ በላይ ከጎደለ አራቱ እንደ ሦስት ይቆጠራል። ይህን የሚወስኑት ዘጠኙ ዳኞች አይደሉም። ለብቻቸው የተቀመጡ ቴክኒክ ተቆጣጣሪዎች ናቸው፤ ቪዲዮውን ቀስ አድርገው እየመለሱ ያዩታል። በብዙ ስርጭት ላይ በስክሪኑ ጥግ ትንሽ ሳጥን ታገኛለህ። ቢጫ ሲበራ ዝላዩ እየተመረመረ ነው ማለት ነው። ልጅህ ከውድቀቱ ይልቅ ያቺን ሳጥን ትከታተል።

ወድቆ ማሸነፍ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ኦሊምፒክ ላይም ሆኗል። በ2014 ሶቺ ላይ ጃፓናዊው ዩዙሩ ሃንዩ በነፃው ፕሮግራም (በሁለተኛው ቀን በሚቀርበው ረጅሙ) ሁለቴ ወድቆ ወርቁን ወሰደ። ያኔ 19 ዓመቱ ነበር። በመጀመሪያው ቀን፣ በአጭሩ ፕሮግራም፣ 101.45 አምጥቶ ስለነበር ስንቅ ይዞ ነው የገባው። ካናዳዊው ፓትሪክ ቻን ወርቁን ለመውሰድ በሩ ተከፍቶለት ነበር። እሱም ግን ዝላዮቹ እየተበላሹበት 178.10 አመጣ፤ ሃንዩ ሁለቴ ወድቆም 178.64። ከአራት ዓመት በኋላ ፒዮንግቻንግ ላይ ደግሞ አሜሪካዊው ኔታን ቼን አጭሩ ፕሮግራም ተበላሽቶበት 17ኛ ሆነ። በማግስቱ በነፃው ስድስት ባለ አራት ዙር ዝላይ ሞክሮ 215.08 አስመዘገበ፤ የዕለቱ ከፍተኛ ነጥብ ነበር። በድምር 5ኛ ወጣ። ሁለቱ ቀን እንደሚደመር ለልጅህ የምታስረዳበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም። እናንተ ያያችሁት የሁለተኛውን ቀን ብቻ ከሆነ፣ ግማሽ መልሱ እዚያ ነው።

ወደ ዳኞቹ ልምጣ። ጥርጣሬህ ከመሬት የተነሳ አይደለም። በ2002 ሶልት ሌክ ሲቲ በጥንዶች ውድድር ሩሲያውያኑ ቤሬዥናያና ሲካሩሊድዜ በዳኞች ድምፅ 5 ለ 4 አሸነፉ። ካናዳውያኑ ሳሌና ፔልቲዬ ግን አንድም ሳይሳሳቱ ነበር የጨረሱት። ከዳኞቹ አንዷ ጫና ተደርጎባታል የሚል ነገር ወጣና ዓለም ተንጫጫ። በመጨረሻ ለካናዳውያኑም ወርቅ ተሰጠ። የድሮው ከ6.0 የሚሰጠው ነጥብ የቀረውና አሁን የነገርኩህ ሒሳብ የመጣው ከዚያ ጣጣ በኋላ ነው። አሁን ለእያንዳንዱ ዝላይ ከተሰጡት ነጥቦች ትልቁና ትንሹ ይጣላሉ፤ የቀሩት አማካይ ይያዛል። ከ2016 ወዲህ ደግሞ የትኛው ዳኛ ምን እንደሰጠ በስሙ ይወጣል።

ታዲያ አድልዎ ጠፍቷል ወይ? አይመስለኝም። ግን የት እንደሚደበቅ ማወቅ ይጠቅማል። ከዝላዩ ሌላ ለቅንብር፣ ለአቀራረብና ለመንሸራተት ችሎታ እያንዳንዳቸው እስከ 10 የሚሰጥ ነጥብ አለ። ስመ ጥር ተወዳዳሪ የሚታዘንለት እዚህ ላይ ነው። ዝላዩ ተበላሽቶ፣ ፍጥነቱ ወርዶ፣ አቀራረቡ ግን እንደ ትናንቱ 9 ሲሰጠው ሳይ እናደዳለሁ። ቅሬታ ካላችሁ ቅሬታችሁ እዚህ ላይ ይሁን እንጂ በወደቀው ልጅ ላይ አይሁን።

እኛ ቤት እንዴት እንደምናይ ልንገርህ። በኅዳር ብርድ፣ ጋቢ ተከናንበን፣ የሌሊት ፓኬጅ ገዝተን፣ ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈን ነው። የእህቴ ልጅ የነጥቡን ጥግ በመዳፏ ትሸፍንና ስትገምት ታመሻለች። መጀመሪያ ሰሞን ቀሚስና ሙዚቃ ነበር የምታየው። አሁን እግር ብቻ ነው። ዘላዩ ሲያርፍ ጀርባው ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞሩን ታያለች። ከዚያ ስለቱ በረዶው ላይ የሚስለውን መስመር ትከተላለች። ቅስቱ ረጅምና ሳይቋረጥ ከሄደ "ጭማሪ አለው" ትላለች። በረዶው ብናኝ አስነስቶ ስለቱ ቀጥ ካለ "ቆርጠውበታል"። አንዳንዴ ቴሌቪዥን ላይ ከሚተነትኑት ቀድማ ትናገራለች። አክሰልን መለየት ለጀማሪ ቀላሉ ነው፤ ከስድስቱ ዝላዮች ፊት ለፊት እየሄዱ የሚነሱበት እሱ ብቻ ነው።

ልጅህ መጀመር ትችላለች ወይ ላልከው፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የበረዶ ሜዳ የለም። ብርዱ ሞልቶናል፤ የጠዋት አመዳይ ግን ሜዳ አይሆንም። በጎማ ስኬት መጀመር ግን ትችላለች። በጎማ የሚደረግ የአርቲስቲክ ስኬቲንግ ውድድር በዓለም ሻምፒዮና ደረጃ አለ፤ አክሰሉም፣ ሉትዝ የሚባለው ሌላው ዝላይም እዚያ ይዘለላል። ኮብልስቶን ላይ እንዳትሞክሩት፣ ቁርጭምጭሚት ይሰብራል። ለስላሳ ሊሾ ያለው የትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ካገኘህ አስፈቅድና እዚያ ትሞክር። ሄልሜትና የእጅ አንጓ መከላከያ ሳታደርግ አትነሳ። ዝላዩ ይቆይ፤ መጀመሪያ ወደ ኋላ መሄድና በአንድ እግር መቆም ትልመድ። ለመቸኮልም ምክንያት የለም። በአዋቂዎች ዓለም አቀፍ ውድድር ዝቅተኛው ዕድሜ ከ15 ወደ 17 ከፍ ብሏል፤ ጥሩም አድርገዋል።

"እኛን የሚመስል አለ?" ካለችህ፣ አለ። ዴቢ ቶማስ በ1986 የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ በ1988 ካልጋሪ ላይ ነሐስ ስትወስድ በክረምት ኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ስፖርተኛ ነበረች። ፈረንሳዊቷ ሱሪያ ቦናሊ በ1998 ናጋኖ ላይ ወደ ኋላ ተገልብጣ በአንድ እግሯ አረፈች። ያኔ ክልክል ነበር፤ እያወቀች ነው ያደረገችው። ክልከላው በ2024 ተነሳ። ከኛም ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ኢትዮጵያን ወክሎ በስኬቲንግ ባይሆንም በረጅም ርቀት የበረዶ ሸርተቴ (ስኪ) ተወዳድሯል።

ለማየት ያህል፣ የዓለም አቀፉ ስኬቲንግ ማኅበር የታዳጊዎቹን ግራንድ ፕሪ የሚባለውን ተከታታይ ውድድር በዩቲዩብ በነፃ ሲያስተላልፍ ቆይቷል። የዓለም ሻምፒዮናው መጋቢት አካባቢ ነው። ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ፕሮቶኮል የሚባል ወረቀት ኢንተርኔት ላይ ይለቀቃል፤ የእያንዳንዱ ዝላይ ዋጋና የእያንዳንዱ ዳኛ ነጥብ በመስመር በመስመር ተዘርዝሮበታል። ያያችሁትን ውድድር ስም ከነዓመቱ ጻፍልኝና ወረቀቱን ፈልጌ እዚሁ እለጥፈዋለሁ። ሁለቴ የወደቀውንና አራተኛ የወጣውን ጎን ለጎን አድርገን ከልጅህ ጋር እናነበዋለን።