አሜሪካ ወይስ ጀርመን? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ነርስ ነኝ። ሜሪላንድ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ አሁን የምኖረውም የምሠራውም ፍራንክፈርት ነው። ስለ ሁለቱ አገር ኑሮ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ብዙ ጥያቄ መጥቶልኛል። ያው እንደየጥያቄው አንዳንዱን ረዘም፣ አንዳንዱን አጠር አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጀርመን ያለው ጓደኛዬ "ደሞዜን ግማሹን ይቆርጡታል" ይላል። ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ግን ያን ያህል አይቆረጥባትም። ታዲያ ጀርመን ምን ይሠራል?

መልስ፦ ጓደኛህ ትንሽ ጨመር አድርጎበታል እንጂ አልዋሸህም። በተለይ ያላገባ ከሆነ መቆረጡ ይበረታበታል። የደሞዝ ወረቀቱን ቢያሳይህ መጀመሪያ የገቢ ግብሩን ታያለህ። ከሥር ጡረታ 9.3 በመቶ፣ ሥራ አጥነት 1.3 በመቶ፣ ጤና 7.3 በመቶና ኢንሹራንሱ የሚጨምራት ትንሽ አለች። ለአረጋውያን እንክብካቤ የሚቆረጠው ደግሞ ለብቻው ነው። ግብሩን ሳንቆጥር ከመቶው 20 ያህሉ እዚያው ቀረ ማለት ነው። አሠሪውም የዚያኑ ያህል ከራሱ ኪስ ይጨምራል። አሜሪካ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለመንግሥት ጡረታ) እና ለሜዲኬር (ለአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ) የሚቆረጠው 7.65 በመቶ ነው።

አሁን ለእህትህ ደውልና የደሞዝ ቼኳ ከገባ በኋላ የሚወጣውን ጠይቃት። የጤና ኢንሹራንስ ስንት ትከፍያለሽ? ዲደክተብሉ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስሽ የምትከፍዪው፣ ስንት ነው? ዴይ ኬርስ (የልጅ መዋያው)? መኪናውና የመኪናው ኢንሹራንስስ? ጀርመን ገና እጅህ ሳይገባ የሚወስደውን፣ አሜሪካ እጅህ ከገባ በኋላ በቢል ይጠይቅሃል። ስለዚህ ቼክን ከቼክ ጋር አታወዳድር። ወር መጨረሻ ላይ የሚተርፈውን፣ ስትታመምና ሥራ ስትፈታ የሚጠብቅህን አስተያይ።

ጥያቄ፦ ብንታመምስ? አሜሪካ ሕክምና ያደኸያል ሲሉ እሰማለሁ።

መልስ፦ ይህ ሙያዬ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልመልስ። የአሜሪካ ሆስፒታል በመሣሪያም በባለሙያም የሚታማ አይደለም። ችግሩ ሒሳቡ ነው። ጥሩ ኢንሹራንስ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ካገኘህ ደህና ነህ። ገቢህ ዝቅ ያለ ከሆነ ሜዲኬይድ የሚባል የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ አለ። መሀል ላይ ያለው ሰው ነው የሚጨነቀው። ደረቱን እያመመው "አምቡላንስ አትጥሩ፣ ኡበር ታክሲ ይበቃል" የሚል በሽተኛ እዚያ አይቻለሁ። እስከዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ጀርመን ሆስፒታል ስትተኛ በቀን 10 ዩሮ ትከፍላለህ፤ እሱም በዓመት ከ28 ቀን አያልፍም። ለመድኃኒት ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዩሮ ነው። ልጆች ከዚህ ክፍያ ነፃ ናቸው። ሥራ የሌላት ሚስትና ልጆች ደግሞ በባል ኢንሹራንስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሸፈናሉ። ከታመምክ አሠሪው እስከ ስድስት ሳምንት ሙሉ ደሞዝህን ይከፍላል። አሜሪካ በፌዴራል ሕግ እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። ጀርመንም ጣጣ አላት፤ የስፔሻሊስት ቀጠሮ ወራት ሊያስጠብቅ ይችላል። ቢሆንም ቢል ፈርቶ ቤቱ የሚቀር በሽተኛ እዚህ አልገጠመኝም። ለእኔ ትልቁ ልዩነት ይኼ ነው።

ጥያቄ፦ እርጉዝ ነኝ፤ ባለቤቴ ዲሲ ነው፣ የእሱ ወንድም ፍራንክፈርት። የት ብወልድ ይሻለኛል?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ ለማለት ያብቃን። ምርጫው በእጅሽ ካለ፣ ለልጅ ማሳደጊያ ጀርመን። ተቀጥረሽ የምትሠሪ ከሆነ ከመውለጃሽ በፊት ስድስት ሳምንት፣ ከወለድሽ በኋላ ስምንት ሳምንት ከነደሞዝሽ ታርፊያለሽ። ከዚያ ለወላጆች የሚሰጥ ድጎማ ይከተላል። ለአንድ ልጅ የሚከፈለው ኪንደርጌልድ በ2025 በወር 255 ዩሮ ነበር። ፍራንክፈርት ባለችበት በሄሰን ግዛት ልጅሽ ሦስት ዓመት ሲሞላው በቀን ስድስት ሰዓት መዋያ በነፃ ነው። አሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ የሚሰጠው 12 ሳምንት ፈቃድ ነው፤ ያውም ያለ ክፍያ፣ ያውም መሥፈርቱን ለምታሟላ። በዲሲ ከተማ ግን የከተማዋ የራሷ የሆነ የሚከፈልበት ፈቃድ አለ። ባለቤትሽ የሚሠራው እዚያው ከተማው ውስጥ ይሁን ሜሪላንድ አጣሪ።

ጥያቄ፦ ጀርመን እንደ አሜሪካ ሁለት ሥራ መሥራት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን ያን ያህል አያዋጣም። ሁለተኛው ሥራ ስድስተኛው የግብር መደብ ውስጥ ስለሚገባ ከመጀመሪያው ዩሮ ጀምሮ ይቆረጥበታል። ሚኒጆብ የሚባለው አነስተኛ ሥራ ብቻ ይሻላል። የሥራ ሰዓትም በሕግ የተገደበ ነው። አሜሪካ ደብል ሺፍት ገብቶ ኦቨርታይም መልቀም ለጠንካራ ሰው ክፍት ነው። ወጣት ከሆንክ፣ ቤተሰብ ካልመሠረትክ፣ አገር ቤት እናትና ታናናሾች የሚጠብቁህ ከሆነ አሜሪካ ቶሎ ያቋቁምሃል። ይህን ደብቄ ጀርመንን ብቻ ባሞግስ ልክ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ቤት መግዛትስ?

መልስ፦ አሜሪካ። ጀርመን አብዛኛው ሰው ተከራይ ነው። ተከራይን ግን ሕጉ በደንብ ይጠብቀዋል፤ አከራይ በዘፈቀደ አያስወጣህም።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እኔም ነርስ ነኝ፣ አዲስ አበባ። ቋንቋው ያስፈራኛል።

መልስ፦ አይፍራሽ፣ ግን አትናቂውም። ጀርመን ነርስ ሆነሽ ለመሥራት ዲፕሎማሽ መታወቅ አለበት፤ ቋንቋው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቢ2 የሚባለው ከመካከለኛ በላይ የሆነ ደረጃ ይጠየቃል። አሜሪካ ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርስ ፈቃድ ፈተና ማለፍ ግድ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ከትምህርት ቤት አብሮሽ ያለ ነው። በሽተኛ ሌሊት በደካማ ድምፅ ሲነግርሽ መስማትና መረዳት አለብሽ። ስለዚህ ቋንቋውን አገር ቤት ሳለሽ ጀምሪ።

ጥያቄ፦ ብቸኝነቱስ እንዴት ነው?

መልስ፦ ዲሲ አጠገብ ያሉት ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ስትሆን አገር ቤት ያለህ ይመስልሃል። እንጀራው፣ ቤተክርስቲያኑ፣ እቁቡ፣ ለቅሶው ሁሉ አለ። ጊዜ ነው የሚጠፋው፤ ሁሉም ሥራ ላይ ነው። ፍራንክፈርትም ሐበሻ አለ፤ ግን ቁጥራችን ያንሳል። እሑድ ሱቅ ዝግ ስለሆነ መጀመሪያ ከተማው ጭር ይልብሃል። እኛ እሑድን ለቡናና ለመጠያየቅ አድርገነዋል። ሕጉ በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ቢያንስ 20 ቀን የዓመት ዕረፍት ከነደሞዙ ይሰጣል፤ ብዙ አሠሪ ከዚያ በላይ ይሰጣል። እናቴን አዲስ አበባ ሄጄ ረጋ ብዬ የምጠይቃት በዚህ ነው። ሜሪላንድ ሳለሁ ለዚያ አለቃ መለመን ነበረብኝ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ሰባት ዓመት ሠርቼ ጀርመን ገብቻለሁ። የጡረታዬ ነገር ባከነ?

መልስ፦ አልባከነም። አሜሪካ ለጡረታ 40 ክሬዲት ይጠይቃል፤ ይህ የአሥር ዓመት ሥራ ነው። ጀርመን የሚጠይቀው አምስት ዓመት መክፈልን ነው። ሁለቱ አገሮች ከ1979 ጀምሮ ስምምነት አላቸው። ያንዱ አገር ዓመት ሲጎድል የሌላው ተደምሮ መብቱን ያሟላልሃል፤ ክፍያውን እያንዳንዱ አገር በሠራህበት ልክ ይሰጥሃል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርህንና የድሮ ደብሊው ቱ (አሠሪ በየዓመቱ የሚሰጠው የደሞዝና የግብር ማስረጃ) ወረቀቶችህን አስቀምጥ፤ ስታመለክት ያስፈልጉሃል።